በእኔ ስም የተጻፈው

ሽማግሌ የተላከብኝ በማርክ ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል፤ ለድንበር ይላካል፤ ባልና ሚስት ሲኳረፉም ይላካል። ለአሳይመንት ሲላክ ግን ያየሁት ያን እሑድ፣ ሞጣ፣ በገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ አላጠፍኩም ነበር። በሩን ስከፍት ሁለት የማላውቃቸው ሽማግሎች ቆመዋል። አንደኛው ጥምጥማቸው የመንገድ አቧራ የጠጣ ቄስ ናቸው፤ ሁለተኛው ኮት የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ፣ ጢማቸውን በሥርዓት የተላጩ ሰው።

ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ ቆመው ቀሩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ዘመዴ የሞተ መሰለኝ። የትውልድ አገሬ ቢቸና ነው። ከዚያ ወገን ሁለት ሽማግሎች ሞጣ ድረስ ከመጡ መርዶ ይዘው ነው ብዬ ነው የማስበው። «ማን ሞተ?» አልኩ።

«ኧረ ማንም አልሞተ፤ እግዜር ይመስገን» አሉ ባለ ኮቱ። «የመጣነው ከሸበል በረንታ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ርእሰ መምህር ነኝ። አባታችን ደግሞ የነፍስ አባቷ ናቸው።»

«የማን?»

ስሟን ነገሩኝ። በመልክ አላውቃትም፤ በስም ግን አውቃታለሁ። በኢንተርኔት ከማስተምራቸው የገጠር መምህራን አንዷ ናት። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወርደው አገር ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ዲግሪዋን ለመያዝ ደግሞ ከእኛ ኮሌጅ ትማራለች።

«አንቺ ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ምን ብታደርግሽ ነው በሰው ፊት ሌባ ያልሻት?»

«እኔ? እኔ ሌባ አልኳት?»

ርእሰ መምህሩ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ለሰልፍ መመሪያ በሚነበብበት ድምፅ አነበቡት። «ይህ ሥራ የራስዎ ስለመሆኑ ከፍተኛ ጥርጣሬ አለ። ከሌሎች ተማሪዎች ሥራ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። የሌላን ሰው ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ስርቆት ነው። ውጤት ዜሮ።» ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው በጣታቸው አሳዩኝ። ከሥሩ የእኔ ስም ከነአባቴ ተጽፏል።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ያን ቃል አልጻፍኩትም። ሥራዋንም አላየሁትም።

«ማርክ እንዲጨመርላት አልመጣንም» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ዜሮውን ትቀበለዋለች። ቃሉን ያንሡላት። ትምህርቱን ትታዋለች። ክፍል መግባቱንም ልትተወው ነው፤ ሌባ የተባልኩ ሰው የሰው ልጅ ፊት ቆሜ ምን አስተምራለሁ እያለች ነው። እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ክፍሉን ለቃ ከወጣች በቦታዋ ተተክቶ ወደዚያ በረሃ የሚወርድ መምህር አይገኝም።»

«እኔ አልጻፍኩትም» አልኩ።

ሁለቱም ወረቀቱን ተመለከቱ። ስሜ እዚያው ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ በሕይወቴ ሰው ውሸታም ነሽ ሲለኝ ከተሰማኝ ሁሉ የባሰ ነገር ተሰማኝ። ሽማግሎቹ ጨዋዎች ስለሆኑ አላሉኝም እንጂ ዐይናቸው ብሎኛል።

በደሜ የገባው ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

እኔ ማረም የለመድኩት በቀይ እስክሪብቶ ነው። ድሮ በተልእኮ የሚማሩት መምህራን ሥራቸውን በእጃቸው ጽፈው በአውቶቡስ ይልኩልኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሻማ ጠብታ፣ በርበሬ የነካ እጅ አሻራ፣ አንዳንዴም የሕፃን ልጅ ጭረት አገኝበታለሁ። አርሜ፣ በጎኑ ጽፌ እመልሳለሁ። ክፉ ነኝ፤ አልክድም። «ይህ ከሞጁሉ የተገለበጠ ነው፤ የአንተ ክፍል የት አለ?» ብዬ እጽፋለሁ። «ጥሩ» ካልኩ ግን ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል። ከዚያ ሲስተም መጣ። ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ሆነ። እሱንም ተማርኩት። ስንት ወጣት የፈራውን እኔ በመነጽሬ ስክሪኑ ላይ ተጣብቄ ተማርኩት። ጎን ላይ የምጽፈው ቃል «ግብረ መልስ» በሚባል ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ይግባ፤ ቃሉ የእኔ እስከሆነ ድረስ ሣጥኑ አልከፋኝም።

ችግሩ ኔትወርኩ ነው። ሞጣ ኔትወርክ አንድ ጊዜ ከጠፋ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ መንገዱም እንደዚያው ነው። ተማሪዎቼ ያሉበትማ ጭራሽ የለም። እነሱ በገበያ ቀን ቢቸና ይወጣሉ፤ በእጃቸው የጻፉትን አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት ሴት ትተይብላቸዋለች፤ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ሲስተሙ ላይ ትጭንላቸዋለች። የሁሉንም የይለፍ ቃል የምትይዘው እሷ ናት። መልስ ሲመጣም ከፍታ የምታነብላቸው እሷ ናት፤ ቤቷ ተሰልፎ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብላ፣ ምክንያቱም ከውጭ የጄኔሬተሩ ድምፅ አያሰማም። ያን ቀን «ስርቆት ነው» የሚለውን ያነበበችው እንደዚያ ነው። ተራ ይጠብቁ የነበሩት በሙሉ የአካባቢው መምህራን ናቸው።

ሽማግሎቹን በግድ አስቀምጬ ምሳ አበላኋቸው። በማግስቱ ጠዋት አስተባባሪያችን ቢሮ ገባሁ። አስተባባሪው ልጄ የሚሆን፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

አየው። ፈገግ አለ። «አጋዡ ነው፣ መምህርት።»

«የምን አጋዥ?»

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ዋናው ግቢ ሲስተሙ ላይ ጨምሮታል። የተማሪውን ሥራ አንብቦ ረቂቅ ግብረ መልስ ያዘጋጃል። መምህሩ አይቶ ያጸድቀዋል። ሥራ እንዲቀልላችሁ ነው።»

«እኔ አላጸደቅኩም።»

«አዎ። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ስላላጸደቁት በራሱ ጸደቀ።»

«ሳላጸድቀው ስለቀረሁ ጸደቀ?»

«አዎ።»

አእምሮዬ ደህና መሆኑን ለማወቅ መስኮቱን አየሁ። ውጭ ግቢው ውስጥ አንዲት ላም ሣር ትግጣለች። ላሟ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።

«ኔትወርክ አልነበረም እኮ!» አልኩ። «ስንት ጊዜ ተዘግቶ ሰነበተ! በምን አየዋለሁ? በምንስ አጸድቀዋለሁ?»

«እሱ ይገባኛል። ሲስተሙ ግን የሚያውቀው ጊዜውን ነው።»

«ከጸደቀ በኋላስ ለምን አላሳየኝም?»

«የጸደቀ ሥራ ከፊትዎ ተነሥቶ ወደ ተጠናቀቁት ይሄዳል።»

እንግዲህ ይኼ ነው። እኔ ያላስረከቡ ተማሪዎች ይመስሉኝ ነበር። በእኛ አገር ሳያስረክቡ መቅረት ብርቅ አይደለም፤ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይታመማል፣ አዝመራ ይደርሳል። ስማቸውን እያየሁ «ምን ገጥሟቸው ይሆን?» እል ነበር። ለካስ እነሱ አስረክበዋል፣ እኔም በስሜ መልሻለሁ፣ ሌባም ብያለሁ፤ ሳላውቅ።

«ሰርዝልኝ» አልኩት።

«የጸደቀ ግብረ መልስ አይሰረዝም፣ መምህርት። ቅሬታ ካለ ተማሪዋ ራሷ ሲስተሙ ላይ ገብታ ማቅረብ ትችላለች።»

ያን ጊዜ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከጎረምሳው ልጄ ጋር ስጣላም አልጮህኩም። ቢሮው በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። «ቢቸና ድረስ ቀን ሙሉ በእግሯና በመኪና ሄዳ፣ ሌባ ነሽ ብሎ ባነበበላት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ሌባ አይደለሁም ብላ ትጻፍ? መልሱንስ ማን ሊሰጣት ነው? አጋዡ?» «ሲስተሙ ነው እኮ፣ መምህርት» አለ አስተባባሪው ቀስ ብሎ፣ ደግሞም እውነቱን ነው፤ የሚያደርገው የለውም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የምጮህበት ሰው ፊቴ ተቀምጧል፤ የሠራው ሰው ግን የለም። አስተውሎት ይሉታል ደግሞ! ስም ሲያወጡ አይጣል ነው።

ለማንኛውም ኔትወርክ ባለበት ተቀምጬ የተጠናቀቁትን ሥራዎች አንድ ባንድ ከፈትኩ። ነገሩ እዚያ ተገለጠልኝ። ሁሉም ሥራዎች የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት አንቀጽ ነው። «በቅድሚያ ይህንን ዕድል ያመቻቸልንን ኮሌጅ፣ እንዲሁም ዕውቀታቸውን ሳይሰስቱ የሚለግሱንን መምህራን ከልብ እያመሰገንኩ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ይላል። የሚጨርሱትም በአንድ ዓይነት ነው፤ ስሕተት ቢገኝ በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃል፣ ለሁላችንም ጤና ይመኛል። ይህ የተማሪዎቹ ጽሑፍ አይደለም፤ የጽሕፈት ቤቷ ሴት ነው። በእኛ አገር ወደ በላይ የሚሄድ ወረቀት ያለ ሰላምታ አይሄድም። የፈቃድ ማመልከቻ ይሁን፣ የዝውውር ጥያቄ ይሁን፣ ክስም ቢሆን መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል። ሴትዮዋ ለደንበኞቿ አስባ፣ ሥራቸው እርቃኑን ወደ ኮሌጅ እንዳይሄድ፣ ያንኑ ሰላምታ ከላይ፣ ያንኑ ምርቃት ከታች እያደረገች ትልክላቸዋለች። ደግ ሥራ ነው። እኔ ራሴ ቢቸና ያደግሁ ስለሆነ ገና ሳየው ምን እንደሆነ አወቅሁት፤ ዘልዬውም ወደ ዋናው ነገር እሄዳለሁ። ማሽኑ ግን ሰላምታ አያውቅም። እሱ የሚያየው ተመሳሳይ ቃል ብቻ ነው።

እሷስ ለምን ብቻዋን ተመታች? የእሷ ሥራ አጭር ስለሆነ። ሌሎቹ ሞጁሉን እየዘረዘሩ ገጽ ሞልተዋል። ገረፍ አድርጌ እንዳየሁት፣ እሷ የጻፈችው ክፍሏ ውስጥ የሠራችውን ብቻ ነው፤ ሰላምታውና ምርቃቱ ከሥራዋ እኩል ሆነ። አጭርና የራሷ የሆነውን ነገር ጽፋ የተቀጣችው እሷ፣ ገልብጠው፣ አርዝመው ያለፉት እነሱ!

ሽማግሎቹ ከቢቸና ደወሉ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ቄሱ ማሽን የሚለውን ነገር እንኳ ሳይጠይቁ «ይሁን ልጄ፣ አምነንሻል» አሉ። «ግን ቃሉ የተነበበው በሰው ፊት ነው፤ በዚያው ቤት፣ በሰው ፊት ይነሣ።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ አልጻፍኩትም! ባልሠራሁት ጥፋት ልታረቅ ነው የምሄደው?»

«ስምሽ ሄዷል፤ አንቺም ተከተዪው።»

በዚህም ተናደድኩ፤ ሄድኩም።

የገበያው ዕለት ከሞጣ በጠዋቱ ሚኒባስ ተነሣሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ቢቸና ስንገባ መናኸሪያው ጤፍ በጫኑ አህዮችና በባጃጅ ተጨናንቋል። የልጅነቴ አገር ነው፤ ሰላም የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊቴን አይቶ የሚጠጋኝ አልተገኘም። ጽሕፈት ቤቷ ከእህል ተራው ጀርባ፣ ከበሯ ጎን ጄኔሬተር የተቀመጠላት ጠባብ ክፍል ናት። ሽማግሎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ተራ የሚጠብቁ መምህራን ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እሷ ጥግ ላይ ነበረች። ረጅም፣ ጠቆር ያለች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ የተከናነበች ሴት። ስገባ ተነሣች፤ አላየችኝም ግን። መሬት መሬት ታያለች።

ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያ «ተናገሪ» አሉኝ።

«ያ ቃል የእኔ አይደለም» አልኩ ጮክ ብዬ። «አልጻፍኩትም። ሥራሽንም ሳላየው ነው ስሜ የተጻፈበት። ማሽን ነው የጻፈው። ሌባ አይደለሽም። ማሽኑን እዚያ ያስቀመጡት ሰዎች ቢያፍሩ ነው የሚሻለው።» ስለ ሰላምታውም ነገርኳቸው። የጽሕፈት ቤቷ ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ እኮ ለክብር ብዬ ነው!» አለች፤ ልታለቅስ ደረሰች። ግድግዳ የተደገፉት ሁሉ ማጉረምረም ጀመሩ። እርቁ አልቆ ነበር። ቄሱ ሊመርቁ መስቀላቸውን አወጡ።

«ይቅርታ አባቴ» አለች መምህሯ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የመጀመሪያውስ?»

«የምን የመጀመሪያ?»

«በመጀመሪያው አሳይመንቴ ላይ ያለው። “ዘዴዎ እጅግ ድንቅ ነው፤ ለሌሎች መምህራን አርአያ የሚሆን ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉ” ብለው የጻፉልኝ። እሱንስ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

ርእሰ መምህሩ ከተቀመጡበት በዐይናቸው ጠቀሱኝ፤ አዎ በይ ማለታቸው ነው። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ልጅቷ ክብሯ ይመለስላታል፣ ቄሱ ይመርቃሉ፣ እኔ ወደ ሞጣ እመለሳለሁ። ነገር ግን በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ለማንም «እጅግ ድንቅ» ብዬ ጽፌ አላውቅም። የእኔ ቃል አይደለም። ሌላ ሰው በስሜ የዋሸውን ውሸት እኔ በአፌ ልድገመው?

«እሱም የእኔ አይደለም» አልኩ።

ተቀመጠች። መጀመሪያ የተናገረችው ለእኔ ሳይሆን ለጉልበቷ ነው። «ለእናቴ አንብቤላት ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ ዞራ፣ «ለአሁኑ ርእሰ መምህራችንም አሳይቼው ነበር። በዚያ ምክንያት አንደኛም ሦስተኛም ክፍል በእኔ ዘዴ እንዲያስተምሩ ተደረገ እኮ» አለች።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። እሷ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዜሮ የተሰጠውን ሥራዋን፣ በእጇ የጻፈችውን ዋናውን ወረቀት፣ አወጣችና እጄ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው አሁን ያንብቡት» አለች። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝ ነው።

አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፣ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፣ እኔ አነባለሁ። ጽሑፏ ግልጽ ነው። የእሷ ትምህርት ቤት የንባብ መጽሐፍ አልደረሰውም። ስለዚህ ልጆቹ ከየቤታቸው ፊደል ያለበትን ነገር እንዲያመጡ አደረገች፤ የዱቄት ከረጢት፣ የጨው ላስቲክ፣ የሳሙና ካርቶን። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። «ጨው»፣ «ዱቄት»፣ «ሳሙና» እያሉ ከዚያ ላይ ያነባሉ። መንፈቅ ዓመት እንደዚህ ካስተማረች በኋላ ልጆቿ ከግድግዳው ላይ ያለ ስሕተት እንደሚያነቡ ጽፋለች። ልቤ ተነካ። ከልቤ መነካት ጋር ግን የአስተማሪነቴ ጥርጣሬም መጣ፤ እሱን ዝም ማሰኘት አልችልበትም።

በጎኑ በቀይ ጻፍኩ፤ ከዚያ አነበብኩላት። «ሐሳቡ የራስሽ ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጆቹ ፊደሉን ነው የሚያነቡት ወይስ ከረጢቱን በቀለሙ ያውቁታል? በምን አረጋገጥሽ?»

ፊቷ ተለወጠ። «ያነባሉ!» አለች።

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ሲያነቡ እሰማለሁ፣ በጆሮዬ!»

«ጨው ያለበትን ላስቲክ ሲያዩ ጨው ይላሉ። ፊደል የማያውቅ ሕፃንም ይለዋል።»

«እርስዎ ልጆቼን አያውቋቸውም!» ድምፅዋ ከጄኔሬተሩ በላይ ሆነ። ሌባ ስትባል አንገቷን የደፋችው ሴት አሁን ፊቴ ላይ ቆማ በቁጣ ታየኛለች፤ እኔም በቁጣ አየኋት። «ልክ ነሽ፤ አላውቃቸውም» አልኳት። «ቃላቱን በነጭ ወረቀት ጻፊና አስነብቢያቸው። ከዚያ ደውዪልኝ። ሲስተም ላይ እንዳትጽፊ፤ ደውዪልኝ!» ስልኬን በወረቀቷ ግርጌ ጻፍኩላት።

ቄሱ በመጨረሻ መረቁን። እሷም እኔም አሜን ስንል ጥርሳችንን ነክሰን ነው። ርእሰ መምህሩ እስከ መናኸሪያ ሲሸኙኝ፣ «እርቅ ብለን ጠርተንዎት ጠብ ጀምረው ሄዱ» አሉኝ፤ እየሳቁ ነበር። ስለ ዜሮው ደግሞ ከአስተባባሪው ጋር ሌላ ጦርነት ከፍቼ፣ ለዋናው ግቢም ጽፌ፣ ሥራዋ እንደገና እንዲታረም አስወሰንኩ። እንዴት እንዳስወሰንኩ መተረኩ አይጠቅምም፤ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር ሰላምታ አቁሟል። በዚህ ረገድ አሸነፍኩ። ሞጣ ገበያ ውስጥ ስሄድ አንገቴ ቀና ያለ ነበር። በስሜ የተሰደበች ሴት ክብሯን አስመልሼላታለሁ ብዬ አስባለሁ።

ስልኳ የመጣው በአዘቦት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እኔ አስተባባሪው ቢሮ ውስጥ ሌሎች የተጠናቀቁ ሥራዎችን እያስከፈትኩ ሳለ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ላይ ወጥታ ኖሮ ነፋሱ ይሰማኛል።

«ከረጢቶቹን ከግድግዳው አውርጄ ሞከርኩት» አለች።

«እሺ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«ጥቂቶቹ ያነባሉ። ሌሎቹ ወረቀቱን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያዩኛል። “ጨው” ብዬ ጽፌ ስሰጣቸው የማያውቁት ነገር ይሆንባቸዋል። አንደኛ ክፍልና ሦስተኛ ክፍልም ሄጄ ሞከርኩ። እዚያም እንደዚሁ ነው።»

ልክ ነበርኩ፤ ልክ በመሆኔም ደስ አላለኝም።

«መምህርት» አለች፣ «ሌባ ያለኝን ይቅር ብያለሁ። እሱ እኔን ብቻ ነው የነካው። ድንቅ ያለኝን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ያን ጊዜ፣ ገና ስጀምር፣ ይህን ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ ቃላቱን በነጭ ወረቀት ጽፌ እፈትናቸው ነበር። በዚሁ ቀጥዪ ተባልኩ፤ ቀጠልኩ። ሦስት ክፍል ልጅ ይዤ ቀጠልኩ። ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

ኔትወርክ አልነበረም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከፊቴ አስተባባሪው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ ይጠብቀኛል። ስክሪኑ ላይ «እጅግ ድንቅ ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉ» የሚል ሌላ መልስ ይታያል፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ። ሌላ ተማሪ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ስርቆት የሚለውን ብቻ እየፈለግሁ፣ እንደዚህ ያሉትን ደህና ናቸው እያልኩ አልፋቸው ነበር።

«እዚህ ነበርኩ» አልኳት።

«አንዱ ልጅ ምን አለኝ መሰልዎት?» አለች፤ ድምፅዋን ነፋሱ ይወስደዋል። «ወረቀቱን እያየ ቆይቶ፣ “ቲቸር፣ ከረጢቱን ይመልሱልንና እናነብልዎታለን” አለኝ።»